ጥልቀቱ ያለው ፒክሴሉ ውስጥ አይደለም፦ ስለ ኤችዲና 4ኬ ምስል ለተጻፈ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ባለፈው ሳምንት አንዲት እናት የልጃቸውን ሠርግ ለማስቀረጽ ሐዋሳ ወደሚገኘው ስቱዲዮዬ መጡ። ገና ወንበር ላይ ሳይደላደሉ «ልጄ፣ ካሜራህ 4ኬ ነው?» አሉኝ። «አይደለም እማማ፣ ፉል ኤችዲ ነው» አልኳቸው። ፊታቸው ቅር አለው። ስልካቸውን አውጥተው ሙሽራዋ በቴሌግራም የላከችላቸውን ጽሑፍ አሳዩኝ። እዚያው አነበብኩት፤ ማታም ቤቴ ገብቼ ደገምኩት። ይህ ምላሽ የመጣው ከዚያ ነው።

ጽሑፉ የሚነሣው ከጥሩ ጥያቄ ነው። ጥራቱ ከፍ ያለ ቪዲዮ ስናይ ምስሉ የቴሌቪዥኑ መስተዋት ላይ የተለጠፈ ሳይሆን ወደ ውስጥ የገባ፣ እጅ ቢሰዱበት የሚነካ የሚመስለን ለምንድን ነው? ጸሐፊው የሚሰጡት መልስ ባጭሩ ይህ ነው። ጥልቀቱ የሚመጣው ከፒክሴል፣ ማለትም ምስሉን ከሚሠሩት ጥቃቅን ነጥቦች፣ ብዛት ነው፤ ስለዚህ 4ኬ የኤችዲን አራት እጥፍ ጥልቀት አለው። ኤችዲ ካሜራ ከብርሃንና ከቀለም ጋር ርቀትንም አብሮ ይቀዳል። ከሰውየው ጀርባ ያለውን ማደብዘዝ ጥልቀት ይፈጥራል። ቴሌቪዥኑ ላይ ሻርፕነሱንና ቀለሙን ከፍ ማድረግ የተደበቀውን ጥልቀት ያወጣዋል። በሰከንድ 60 ፍሬም (ነጠላ ምስል) መቅረጽም ያጎላዋል። መደምደሚያቸው ደግሞ «ባለ 1080 ካሜራ የያዘ ባለሙያ ከእንግዲህ የሠርግ ሥራ ባይቀበል ይሻላል» የሚል ነው። 1080 የሚሉት የእኔን ዓይነቱን ፉል ኤችዲ ነው።

ጸሐፊውን አላውቃቸውም። በቅንነት እንደጻፉት ግን አጻጻፋቸው ይመሰክራል፤ ሰው የሚወደውን ነገር ሲያስረዳ ያስታውቃል። ሆኖም ካነሧቸው ነጥቦች አንዱ ፈጽሞ ስሕተት ነው፣ ሦስቱ ግማሽ እውነት ናቸው፣ አንዱ ደግሞ ያለውን ጥልቀት እንኳ ያጠፋል። ከሁለተኛው ልጀምር፤ እሱ ካልጠራ ሌላው አይጠራምና።

አንድ ሌንስ ያለው ካሜራ ርቀትን አይቀዳም። እያንዳንዱ ፒክሴል የሚይዘው ከአንድ አቅጣጫ የመጣው ብርሃን ምን ያህል እንደሆነና ቀለሙ ምን እንደሆነ ብቻ ነው። ከሐዋሳው ታቦር ተራራ የመጣው ብርሃንና ከሙሽራዋ ጉንጭ የመጣው ብርሃን ሴንሰሩ ላይ፣ ብርሃን በሚቀበለው የካሜራው ክፍል፣ ጎን ለጎን ያርፋሉ። አንዱ ከሩቅ፣ ሌላው ከሁለት ሜትር መምጣቱን የሚናገር ምንም ቁጥር ፋይሉ ውስጥ አይጻፍም። በ1080ም፣ በ4ኬም፣ በ8ኬም ነገሩ ያው ነው።

ርቀትን በቀጥታ የምንለካበት መንገድ ሁለት ዓይን መኖሩ ነው። ዓይኖቻችን በአማካይ 6.3 ሴንቲ ሜትር ያህል ስለሚራራቁ እያንዳንዳቸው ትንሽ የተለየ ምስል ያያሉ፤ አንጎል ያንን ልዩነት ወደ ርቀት ይተረጉመዋል። እንግሊዛዊው ቻርልስ ዊትስተን ይህን እ.ኤ.አ. በ1838 አሳይቷል፤ ለየዓይኑ ትንሽ የሚለያዩ ሁለት ዝርግ ሥዕሎች በመሣሪያ ሲያሳይ ሥዕሎቹ ተዋሕደው ጎልተው ታዩ። በመነጽር የሚታዩት ባለ 3ዲ ቴሌቪዥኖች የሚሠሩትም በዚሁ ነው። እነሱ እ.ኤ.አ. በ2010 በስፋት ለገበያ ቀርበው በ2017 ኤልጂና ሶኒ እንኳ አዲስ ሞዴል ማውጣት አቆሙ። በተራ ቴሌቪዥን ግን ሁለቱም ዓይኖች የሚያዩት አንድ ምስል ነው። እንዲያውም ሁለቱ ዓይኖች ተባብረው የሚነግሩን «ፊትህ ያለው ዝርግ መስተዋት ነው» የሚል ነው።

ይህን ማንም ሰው ቤቱ ሆኖ መፈተን ይችላል። አንድ ወረቀት ጠቅልላችሁ እንደ ቧንቧ አድርጉት። አንድ ዓይናችሁን ጨፍኑና የቴሌቪዥኑ ጠርዝ እንዳይታያችሁ አድርጋችሁ በቧንቧው ወደ ምስሉ ተመልከቱ፤ ትንሽ ታገሡ። ምስሉ ወደ ውስጥ ይከፈታል። ቴሌቪዥኑ አልተለወጠም፣ የፒክሴሉም ቁጥር አልጨመረም፤ «ዝርግ ነው» የሚለው ምስክር ዝም ስላለ ብቻ ሌሎቹ ፍንጮች ተሰሙ። ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ ሥዕል የቱንም ያህል በጥበብ ቢሠራ በአንድ ዓይን ካልታየ በቀር እንደ እውነተኛው ነገር ጎልቶ ሊታይ እንደማይችል ጽፎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1904 ደግሞ ስዊዘርላንዳዊው ኤድዋር ክላፓሬድ በአንድ ዓይን ሲታይ ጥልቀት መጨመሩን እንደ ተቃርኖ አድርጎ ጽፎበታል።

ሌሎቹ ፍንጮች ያልኳቸው ምንድን ናቸው? አሞራ ገደል ዓሣ ገበያው ጋ ጠዋት ቁሙና ሐይቁን እዩ። ቅርብ ያለው ጀልባ ከኋላው ያለውን በከፊል ይሸፍነዋል፤ የሸፈነ ቅርብ ነው። አጠገባችሁ የቆመው አባ ኮዳ ወገባችሁ ያልፋል፣ ዳር ላይ ያሉት ግን ጣት ያክላሉ፤ ወፉ ያው መሆኑን ስለምናውቅ ትንሹን ሩቅ እንለዋለን። እግራችን ሥር ያለው ጠጠር አንድ በአንድ ይቆጠራል፣ ራቅ ሲል ይጠጋጋል፣ ከዚያም አንድ ወጥ ቀለም ይሆናል። ከማዶ ያሉት ኮረብታዎች ፈዘዝ፣ ሰማያዊ መሰል ይላሉ፤ በመካከሉ ያለው አየር ብርሃኑን ስለሚበትነው ነው። ጥላ ደግሞ የነገሩን ክብነት ይናገራል። እነዚህን ሁሉ ለማየት አንድ ዓይን ይበቃል። ስለዚህ በአንድ ሌንስም ይገባሉ።

ሠዓሊዎቻችን ይህን ከካሜራ በፊት ያውቁታል። በቀደመው የጎንደር ሥዕል የቅዱሳን ፊት በወጥ ቀለም ተሞልቶ፣ በመስመር ተከቦ ይሠራል፤ ውበቱም ያ ነው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ወደ መጣው ወደ ሁለተኛው የጎንደር ስልት ስንሻገር ጉንጭና አንገት ላይ ጥላ ይገባል፣ ፊቱም ክብ ይሆናል። የተጨመረው ከብሩህ ወደ ጨለማ ቀስ ብሎ የሚሄድ ቀለም ነው። ይህን ምሳሌ የማነሣው አለምክንያት አይደለም፤ ወደ ፒክሴሉ ጉዳይ ያደርሰኛል።

የፒክሴሉን ነጥብ ግማሽ እውነት ያልኩት ቁጥሩ ትክክል ስለሆነ ነው። የድሮው ስታንዳርድ ምስል 720 በ576፣ ማለትም 414,720 ፒክሴል ነው። ፉል ኤችዲ 1920 በ1080፣ ማለትም 2,073,600፤ የድሮው ልክ አምስት እጥፍ። 4ኬ 3840 በ2160፣ ማለትም 8,294,400፤ የኤችዲው አራት እጥፍ። ጸሐፊው ከዚህ ተነሥተው ጥልቀቱም አራት እጥፍ ነው አሉ። ዓይን ግን እንዲህ አይቆጥርም።

ጤናማ ዓይን ሁለት ነጥቦችን ለይቶ የሚያየው ቢያንስ በአንድ ዲግሪ ማዕዘን 60ኛ ያህል ሲራራቁ ነው። ባለ 43 ኢንች ቴሌቪዥን እንውሰድ። ወርዱ 95 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ለ1920 ሲካፈል አንድ ፒክሴል ግማሽ ሚሊ ሜትር ይደርሰዋል። ግማሽ ሚሊ ሜትር የአንድ ዲግሪ 60ኛ የሚሆነው ከ1.7 ሜትር ላይ ሲታይ ነው። ከዚያ ወደ ኋላ የተቀመጠ ሰው፣ ዓይኑ ከመደበኛው በላይ ስለታም ካልሆነ በቀር፣ የኤችዲውን ፒክሴል እንኳ መለየት ያቅተዋል። ወርዱ የዚያ ግማሽ የሆነውን የ4ኬ ፒክሴልማ ከየት ያየዋል? እኔ ሠርግ ለማስረከብ የገባሁባቸው የሐዋሳ ሳሎኖች ሶፋው ግድግዳ ተጠግቶ፣ ቴሌቪዥኑ ፊት ለፊት ሆኖ፣ መካከሉ ላይ ረከቦት የሚቀመጥባቸው ናቸው። ሦስት ሜትር አያንሱም።

ታዲያ ኤችዲው ከድሮው ምስል የበለጠ ጥልቅ የሚመስለን ለምንድን ነው? ጸሐፊው እዚህ ላይ ያዩት ነገር እውነት ነው፤ ልዩነቱ አለ፣ እኔም አየዋለሁ። ግን ምክንያቱ ሌላ ነው።

አንዱ ምክንያት የመስተዋቱ መጥፋት ነው። የድሮው ምስል መስመር መስመሩ ይታያል፣ ጠርዙ ይንቀጠቀጣል፣ ነጠብጣብ ይወርድበታል፣ ሲንቀሳቀስ ወደ አራት ማዕዘን ቁርጥራጭ ይለወጣል። እነዚህ ሁሉ የሐይቁ ወይም የሙሽራው አካል አይደሉም፤ መስተዋቱ ላይ ነው ያሉት። ዓይን እነሱን ሲይዝ ዝርግ ነገር እያየ መሆኑን ያውቃል። ኤችዲ ያንን ጠረገው። መስኮት ሲወለወል ውጭው የቀረበ እንደሚመስለው ማለት ነው። አንዴ ከጠራ በኋላ ግን ከሶፋው ሆኖ ለሚያይ ሰው ሌላ ውልወላ የሚጨምረው ጥቂት ነው።

ሁለተኛውና ለእኔ ዋናው ኮንትራስት ነው። ዓይናችን የብሩህና የጨለማ ልዩነትን ከሁሉ አብልጦ የሚያነበው እጅግ ረቂቁ ዝርዝር ላይ አይደለም፤ በአንድ ዲግሪ ውስጥ ከ3 እስከ 5 የጥቁርና የነጭ ጥንድ መስመሮች ሲገቡ ነው። ከሦስት ሜትር ስናሰላው አንዱ መስመር ከ5 እስከ 9 ሚሊ ሜትር ይወፍራል። ባለ 43 ኢንቹ ኤችዲ ላይ ከ10 እስከ 18 ፒክሴል ማለት ነው። ይህ መጠን የምንድን ነው? የአፍንጫ ጥግ ላይ ያለው ጥላ፣ የዐይን ቆብ እጥፋት፣ የነጠላው ሽብሽብ፣ ከከንፈር በታች ያለው ጉድጓድ። ፊት ክብ የሚመስለው፣ ልብስ ሰውነትን የተከተለ የሚመስለው በእነዚህ ነው። ጥሩ ሌንስና ጥሩ ብርሃን ያለው የ1080 ምስል ይህንን አጉልቶ ይይዘዋል። አቧራ የለበሰ ሌንስ ያለው 4ኬ ግን ያመልጠዋል። ስለዚህ እኔ አንድ ምስል ጥልቀት ሲያንሰው መጀመሪያ የምጠይቀው ፒክሴሉን አይደለም፤ ብርሃኑ ከየት መጣ ብዬ ነው የምጠይቀው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ጽሑፉ ስለ ብርሃን አንድ ዓረፍተ ነገር እንኳ የለውምና።

ሐዋሳ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 7 ዲግሪ ላይ ናት። ፀሐይ ቀጥ ብላ አናታችን ላይ የምትቆመው በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በመጋቢት መጨረሻና በነሐሴ መጨረሻ ነው። ከፋሲካ በኋላ በሚያዝያ የሠርግ ሰሞን ቀኑ ሲጋመስ ከአናታችን ከ10 ዲግሪ ብዙም አትርቅም። የሠርግ ፎቶ ፕሮግራም ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚያዘው ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ከ6 እስከ 7 ሰዓት ባለው ነው፤ በሐዋሳ ፀሐይ ከሁሉ ከፍ የምትለው ልክ 6 ሰዓት ተኩል አካባቢ ነው። በዚያ ሰዓት ዓይን ጉድጓድ ውስጥ ይገባል፣ ጉንጭ ላይ ጥላ የለም፣ ዛፉ ጥላውን እግሩ ሥር ይሰበስባል፣ የሐይቁ ማዶ በነጭ ብርሃን ይዋጣል። ከላይ የቆጠርኳቸው ፍንጮች ግማሹ ጠፉ። በዚህ ሰዓት በየትኛውም ካሜራ ቅረጹ፣ በ8ኬም ቢሆን፣ የሚወጣው ምስል ዝርግ ነው።

ያንኑ ቦታ በ10 ሰዓት ተኩል ተመለሱበት። ሐይቁ ከከተማው በስተምዕራብ ስለሆነ ብርሃኑ ከማዶ፣ ዝቅ ብሎ ይመጣል። ሙሽሮቹን ሐይቁ በጎናቸው እንዲሆን አቁሟቸው። የፊታቸው አንድ ወገን ይበራል፣ ሌላው ቀስ እያለ ይጨልማል፤ ያ ቀስ ማለቱ ነው ክብነቱ። ትንሽ ብታዞሯቸው ብርሃኑ ከኋላ ፀጉራቸውንና ትከሻቸውን በቀጭን መስመር ይከብባል፣ ከጀርባቸው ካለው ጥቁር ዛፍ ይለያቸዋል። እኔ ይህን የተማርኩት ብዙ ሠርግ ካበላሸሁ በኋላ ነው፤ ዛሬም ባለቤቶቹን ሳገኝ ያሳፍረኛል።

አሁን ወደ አራተኛው ነጥብ። ሻርፕነሱንና ቀለሙን ጨምሩ የሚለው ምክር ከሁሉ ያሳሰበኝ ነው፤ ምክንያቱም ማንም በሪሞት በአንድ ደቂቃ የሚፈጽመው ነው። ሻርፕነስ አዲስ ዝርዝር አይፈጥርም። ብሩህና ጨለማ የሚገናኙበትን ጠርዝ ፈልጎ ብሩሁን ይበልጥ ያበራዋል፣ ጨለማውን ይበልጥ ያጨልመዋል። በዚህ ምክንያት የሰው ትከሻ ዙሪያ ነጭ ክር የመሰለ መስመር ይወጣል። ያ መስመር ደግሞ መስተዋቱ ላይ ነው ያለው፤ ኤችዲ የጠረገውን ቆሻሻ በእጃችን መልሰን ለጠፍነው ማለት ነው። ከዚህ የከፋው ግን የማዶ ኮረብታ ላይ የሚያደርገው ነው። ኮረብታው ሩቅ የሚመስለን ስለፈዘዘ ነበር። ሻርፕነሱ ቅርብና ሩቅ ሳይለይ ጠርዙን ሁሉ እኩል ሲያደምቅ ኮረብታው ተነሥቶ ከሙሽሮቹ ትከሻ ጋር ይጣበቃል። ጥልቀት ለማውጣት የተጨመረው ነገር ጥልቀቱን ወሰደው።

የቀለሙም ነገር እንዲሁ ነው። ሪሞታችሁን አንሡና ቀለሙን እስከ ዜሮ አውርዱት፤ ምስሉ ጥቁርና ነጭ ይሁን። ጥልቀቱ ጠፋ? አልጠፋም። ዲሽም ሆነ ኢንተርኔት የሚያመጣልን የተለመደው የቪዲዮ አሠራር ራሱ ይህን ይመሰክራል፤ የ1080 ምስል ብሩህነቱ በ1920 በ1080 ሲቀመጥ ቀለሙ በ960 በ540 ብቻ ይቀመጣል፣ ሩቡ ማለት ነው፤ ማንም ሳያስተውለው ይኖራል። ቅርጽን የሚሸከመው ብሩህነት ነው። ቀለምና ኮንትራስት ከልክ ሲያልፉ ብሩሁ ጫፍ ይቆረጣል፤ በእኛ አገር ሠርግ ደግሞ ብሩሁ ጫፍ የሐበሻ ቀሚስ ነው።

ይህን በቁጥር ልግለጠው። በተለመደው ባለ 8 ቢት ቪዲዮ፣ ማለትም 256 ደረጃ ባለው፣ ከጥቁር እስከ ነጭ ያለው ብሩህነት ከ16 እስከ 235 ባሉት ደረጃዎች ይቀመጣል። ነጩን ከ90 በመቶ በላይ ብናስቀምጠው ለቀሚሱ ሽብሽብ ሁሉ የሚቀረው 22 ደረጃ ያህል ብቻ ነው። የሸማኔው ሥራ፣ የጨርቁ መውደቅ፣ የክንድ ክብነት በዚያች ጠባብ ቦታ ይጨናነቃል። ቴሌቪዥኑ ላይ ቪቪድ የሚለው ሞድ ሲበራ እነዚያ 22 ደረጃዎች ወደ አንድ ነጭ ይቀልጣሉ፤ ሙሽራዋ ወረቀት ትመስላለች። እኔ ካሜራዬ ላይ ዜብራውን፣ ብርሃን የበዛበትን ቦታ በመስመር የሚያሳየውን ምልክት፣ 90 ላይ አድርጌ ቀሚሱ ላይ መስመሩ እስኪጠፋ ድረስ ብርሃኑን እቀንሳለሁ፤ ፊቷ እንዳይጨልም ብርሃን የሚመልስ ነጭ ሪፍሌክተር ከጎን አስይዛለሁ። ቤት ላለ ሰው ደግሞ ምክሬ ሲኒማ ወይም ሙቪ የሚለውን ሞድ መምረጥ፣ ሻርፕነሱን ወደ ታች ማውረድ፣ ቀን ከሆነ ደግሞ ከቴሌቪዥኑ ፊት ለፊት ያለውን መስኮት መጋረጃ መዝጋት ነው። የመስኮቱ ነጸብራቅ ጥቁሩን ወደ ግራጫ ይለውጠዋል፤ መስተዋቱንም ያሳየናል።

ማደብዘዝን በተመለከተ ከጸሐፊው ጋር ግማሽ መንገድ እሄዳለሁ። ሰውየው ጠርቶ ጀርባው ሲደበዝዝ ሁለቱ ይለያያሉ፤ ዓይን የት እንደሚያርፍ ያውቃል። ነገር ግን መለየትና ጥልቀት አንድ አይደሉም። እውነተኛ ድብዘዛ ደረጃ አለው፤ ከሙሽራው አንድ ሜትር ኋላ ያለው ትንሽ ይደበዝዛል፣ አምስት ሜትር ያለው ይበልጥ። ብዙ ስልኮች በሶፍትዌር የሚሠሩት ፖርትሬት ግን አብዛኛውን ጊዜ ጀርባውን ሁሉ በአንድ መጠን አደብዝዞ የፀጉሩን ጠርዝ ይቆርጠዋል። ሰውየው ከካርቶን ተቆርጦ ጨርቅ ፊት የቆመ ይመስላል። በትልቅ ሴንሰርና በ1.8 አፐርቸርም (የሌንሱን ቀዳዳ በሰፊው ከፍቶ) ቢሆን ጀርባውን ፈጽሞ ካጠፋነው ጠጠሩን፣ ጀልባውን፣ ኮረብታውን አብረን አጠፋን፤ የቀረልን ሁለት ሽፋን ነው። ፍቅር ሐይቅ ድረስ ሄዶ ሐይቁን ማጥፋት ለምን ያስፈልጋል? እኔ በውጭ ሥራ ላይ አፐርቸሩን 5.6 አካባቢ አጥብቤ ከፊት አንድ ቅርንጫፍ፣ መካከል ላይ ሙሽሮቹን፣ ከኋላ ጀልባና ኮረብታ እንዲገቡ እሞክራለሁ።

ስለ 60 ፍሬም ብዙ አልልም። እንቅስቃሴው እንዳይጎተት ይረዳል፣ እውነት ነው። ነገር ግን የአገራችን ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ስለሆነ የአዳራሽ መብራት ብዙ ጊዜ በሰከንድ 100 ጊዜ ይርገበገባል፤ በ60 ፍሬም በ120ኛ ሰከንድ ሹተር (እያንዳንዱ ፍሬም ብርሃን በሚቀበልበት ጊዜ) የቀረጸ ሰው ምስሉ ሲብለጨለጭበት ያድራል። 25 ወይም 50 ፍሬም፣ ሹተሩም 50ኛ ወይም 100ኛ ሰከንድ ይሁን።

ከፍሬም ቁጥር ይልቅ ጥልቀት የሚሰጠው ካሜራው የሚሄድበት መንገድ ነው፤ ጸሐፊው ይህንንም አላነሡትም። ባጃጅ ውስጥ ሆናችሁ ወደ ጎን ስታዩ የመንገዱ ዳር ዛፎች እየበረሩ ያልፋሉ፣ ከእነሱ ኋላ ያሉት ቤቶች ቀስ ይላሉ፣ ታቦር ግን አብሯችሁ የሚሄድ ይመስላል። አንጎል ከዚህ የፍጥነት ልዩነት ብቻ ርቀትን ያነባል፤ ሁለት ዓይን አያስፈልገውም። ካሜራን ትራይፖድ ላይ ተክሎ ግራ ቀኝ ማዞር ግን ይህን አይሰጥም፤ የሚያይበት ነጥብ ስላልተነቃነቀ ቅርቡም ሩቁም እኩል ይሄዳሉ። ካሜራው ራሱ ወደ ጎን መሄድ አለበት። ግማሽ ሜትር ስላይደር (ካሜራው የሚንሸራተትበት ሐዲድ) ይበቃል፤ ከሌለም በሁለት እጅ ይዞ ወገብን ቀስ አድርጎ ማዘንበል። ለዚያች እናት ያሳየኋቸው ይህን ነበር፤ አንዱ ቅጂ ሌላ ሰው በ4ኬ እኩለ ቀን ላይ ቆሞ የቀረጸው፣ ሌላው እኔ በ1080 አመሻሽ ላይ እየሄድኩ የቀረጽኩት። የትኛው 4ኬ እንደሆነ ሳልነግራቸው አስመረጥኳቸው። የኔን ጠቆሙ፤ «ይኼኛው ውስጡ ይገባል» አሉ።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ፋይሉ ከካሜራ ከወጣ በኋላ የሚደርስበት ነው። ያልተጨመቀ የ1080 ምስል በ25 ፍሬም በሰከንድ 622 ሜጋቢት ያህል ነው። ብሉሬይ ዲስክ እንኳ ለምስሉ ቢበዛ 40 ይሰጠዋል። ኢንተርኔት ላይ 5 ሜጋቢት ሲደርስ ከ120 ክፍል የተረፈው አንድ ያህሉ ብቻ ነው ማለት ነው። መጭመቂያው መጀመሪያ የሚጥለው ኮንትራስቱ ደካማ የሆነውን ነው፦ የሣሩን ሸካራነት፣ የቆዳውን ረቂቅ ጥላ፣ የማዶውን ጭጋግ። ማለትም ፍንጮቹን። 4ኬ በዚያው ጠባብ ቱቦ ሲገፋ አራት እጥፍ ፒክሴል ያንኑ ቢት ይሻማል። ስለዚህ ቪዲዮውን በቴሌግራም የምትልኩ ሰዎች እንደ ፋይል ላኩት እንጂ እንደ ቪዲዮ አትላኩት፤ ከተቻለም በፍላሽ ስጡ።

4ኬን አልቃወምም። ኤዲት ላይ ምስሉን ቆርጦ ለማቅረብ ይጠቅማል፣ አዳራሽ ውስጥ በትልቅ ስክሪን ከቅርብ ለሚያይ ሰው ልዩነቱ ይታያል። ብዙዎቹ አዳዲስ 4ኬ ካሜራዎች ባለ 10 ቢት ናቸው፤ ደረጃው ከ256 ወደ 1,024 ሲያድግ ነጩ ቀሚስ መተንፈሻ ያገኛል። ያ ግን የቢቱ ሥራ ነው። ገንዘብ ሲገኝ እኔም እገዛለሁ።

ጸሐፊውን የምለምናቸው አንድ ነገር ነው። ሌላው ሁሉ ባለበት ይቆይ፤ «ባለ 1080 ካሜራ የያዘ ባለሙያ ከእንግዲህ የሠርግ ሥራ ባይቀበል ይሻላል» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ግን ያንሡት። እኔ ጋ ሥራ የለመዱ ሁለት ልጆች አሉ። ሁለቱም ደህና ዓይን አላቸው፤ ብርሃን ያያሉ። ያንን ዓረፍተ ነገር አንብበው አንዱ ብድር ሊጠይቅ ነው፣ ሌላው ካሜራውን ለሽያጭ አውጥቶታል፤ ገዢም መጥቶ በግማሽ ዋጋ ጠይቆታል። እስከ ቅዳሜ እንዲታገሠኝ ለምኜዋለሁ።